«ፋብሪካው የሠራው» የቱ ነው? አንዲት አሮጌ ቮልስዋገን ስትታደስ ስለታዩ የክፍሎች አለመመሳሰሎች

(ለሕዝብ ክፍት በሆነው የፋኩልቲው የገለጻ መርሐ ግብር ላይ በቃል ከቀረበው ንግግር የተገለበጠ። ተናጋሪው ለንባብ እንዲመች መጠነኛ እርማት አድርገውበታል።)



እዚህ ጠረጴዛ ላይ የምታዩአቸው የአንዲት መኪና ሁለት የበር ገበሮች ናቸው። አንደኛው የግራ በር፣ ሁለተኛው የቀኝ በር ነው። የግራው ሙሉ ነው። የቀኙ ግን እንደምታዩት ከወገቡ ላይ ተቆርጦ እንደገና ተጋጥሟል። የቆረጠው መቀስ የተንቀሳቀሰው በእኔ ትእዛዝ ነው። ዛሬ የምናገረው ያ ትእዛዝ ለምን ስሕተት እንደ ነበረና ስሕተቱ ስለ ፋብሪካ ምርት ምን እንደሚገልጽልን ነው።

መኪናዋ ከዚህ ግቢ በእግር ሩቅ ባልሆነ ቦታ፣ አፍንጮ በር ካለው የቤተሰብ ግቢ ውስጥ በቆርቆሮ ዳስ ሥር ለረጅም ዓመታት የቆመች ቮልስዋገን ናት፤ የአዲስ አበባ ሰው በአጭሩ ቮልስ የሚላት። የሻንሲ ቁጥሯ በ118 ይጀምራል። ሞተሯን ማደስ እምብዛም አላስቸገረንም። ሞተር የሚለካ ነገር ነው፤ ፒስተኑ ወይ ይገባል ወይ አይገባም። ያስቸገረን ውስጧ ነው፤ የበር ገበሩ፣ የጣራው ጨርቅ፣ የወንበሩ ሙሊት፣ እጀታዎቹ። ስለ መኪና ጥገና የሚጻፈው አብዛኛው ስለ ብረት ነው፤ ስለ ጨርቅና ስለ ካርቶን የሚጻፈው ጥቂት ነው። ነገር ግን ሰው ከመኪና ጋር የሚኖረው ውስጧ ተቀምጦ ነው።

የበሮቹን ገበር ፈትተን ጎን ለጎን ባስቀመጥናቸው ቀን ሦስት ልዩነት አየሁ። የመጀመሪያው፣ ሰው ሠራሽ ቆዳው በሁለቱም ጥቁር ቢሆንም የፊቱ ሽብሽብ አንድ አይደለም፤ የቀኙ ደቃቅ ነው፣ የግራው ጎላ ይላል። ልዩነቱ ብርሃኑ በጎን ሲመታው ብቻ ስለሚታይ መኪናዋ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ላያስተውለው ይችላል። ሁለተኛው፣ ቆዳው የተለጠፈበት የታመቀ ካርቶን ውፍረት በትንሹ ይለያያል። ሦስተኛው፣ እኔን ያሳሳተኝም ይኸው ነው፣ ገበሩን ከበሩ ብረት ጋር የሚያያይዙት ክሊፖች የሚገቡባቸው ቀዳዳዎች በግራው አጠር ያሉ፣ በቀኙ ግን ረዘም ያሉ ናቸው።

ይህን ያየሁት በአጉሊ መነጽር ነው። አጉሊ መነጽር የያዘ ምሁር ደግሞ አደገኛ ፍጡር ነው። (ሳቅ) ወዲያው ፍርድ ሰጠሁ። «የግራው የፋብሪካ ነው፤ የቀኙ እዚህ አገር የተሠራ ነው። ክሊፑ አልገባ ሲላቸው ቀዳዳውን በቢላዋ አስረዘሙት» አልኩ። ምክንያቴ በሥርዓት የተደረደረ ይመስል ነበር፤ ፋብሪካ አንድ ዓይነት ነገር ይሠራል፤ እነዚህ ሁለቱ አንድ ዓይነት አይደሉም፤ ስለዚህ ከሁለቱ አንዱ የፋብሪካ አይደለም።

አብረውኝ የነበሩት የመኪና ወንበርና ገበር ሰፊ በዚህ ሥራ ከእኔ የዕድሜ ትምህርት የሚበልጥ ጊዜ ያሳለፉ ሰው ናቸው። ሱቃቸው ፒያሳ ነበር፤ በ2016 ዓ.ም. አካባቢው ሲፈርስ ወደ ሌላ ሰፈር ተዛወሩ። ገበሩን ከእጄ ተቀብለው ጠርዙን በጣታቸው ዳሰሱና «ዶክተር፣ ይህ የእኛ እጅ አይደለም። ይተዉት» አሉኝ። እኔም «ጋሼ፣ ቀዳዳውን ይመልከቱት እንጂ» አልኳቸው። ተመለከቱት፤ ዝም አሉ። እሳቸው ዝም ሲሉ የረታሁ መሰለኝ። ገበሩ ለአዲሱ እንደ ልክ እንዲያገለግል ይቆረጥ ብዬ አዘዝኩ፤ ተቆረጠም።

ካርቶኑ ሲቆረጥ በእርጥበት ያበጠው ንጣፍ ተላቀቀ። በሥሩም የደበዘዘ ሰማያዊ የቀለም ማኅተም ታየ፤ የፋብሪካው የዕቃ ቁጥር። መቀሱ ያለፈው በቁጥሩ መካከል ነበር።

ይህ ቁጥር ምን እንደሚል ለመረዳት የቮልስዋገንን የቁጥር ሥርዓት ማወቅ ያስፈልጋል፤ በጣም የተዋበ ሥርዓት ስለሆነ ጥቂት ልቆይበት። አንድ ዕቃ ዘጠኝ አሃዝ አለው፤ ሦስት ሦስት ሆኖ ይነበባል። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ዕቃው በመጀመሪያ ለየትኛው ሞዴል እንደ ተነደፈ ይናገራሉ፤ ለምሳሌ 111 መሪዋ በግራ የሆነ ቮልስ ናት፣ 112 መሪዋ በቀኝ የሆነ። መካከለኞቹ ሦስቱ ቡድኑን ያሳያሉ፤ በ1 የሚጀምረው የሞተር፣ በ3 የሚጀምረው የማርሽ ሳጥን፣ በ6 የሚጀምረው የጎማና የፍሬን፣ በ8 የሚጀምረው የአካል፣ በ9 የሚጀምረው የኤሌክትሪክ ነው። የበር ገበር 867 ነው። የመጨረሻዎቹ ሦስቱ ዕቃውን ራሱን ይለያሉ፤ ግራና ቀኝ ያለው ነገር ሲሆን እንደ ደንቡ ጎዶሎው ቁጥር ለግራ፣ ሙሉው ለቀኝ ይሰጣል። ከዚህ በኋላ አንድ የላቲን ፊደል ሊከተል ይችላል። ያ ፊደል ዕቃው እንደ ተሻሻለ ይናገራል፤ መጀመሪያ ያለ ፊደል፣ ከዚያ ኤ፣ ከዚያ ቢ እያለ ይሄዳል። በመጨረሻም ለውስጥ ገበሮች የቀለም መለያ ይታከልበታል።

የግራውን ገበር ጀርባ አጽድተን ማኅተሙን ስናገኝ ቁጥሮቹ የአንድ ዕቃ ግራና ቀኝ ሆነው ተገኙ። የሚለያዩት በመጨረሻው ፊደል ነው፤ የቀኙ ከግራው አንድ ደረጃ የተሻሻለ ነው። ሁለቱም የፋብሪካው ናቸው። የረዘመው ቀዳዳም የአዲስ አበባ ቢላዋ ሥራ አልነበረም፤ ማሻሻያው ራሱ ነበር። ጋሼ በጣታቸው የዳሰሱት ይህንኑ ነው፤ በቢላዋ የተቆረጠ ካርቶን ጠርዙ ይሻክራል፣ በማተሚያ የተበሳ ግን ወደ ውስጥ ታጥፎ ይለሰልሳል። በቆዳው ላይ ያሉት ጌጥ መስመሮችም በክር የተሰፉ አልነበሩም፤ በከፍተኛ ድግግሞሽ ሞገድ ሙቀት የተበየዱ ነበሩ። እንዲህ ያለ መሣሪያ በሠፈሩ ሰፊዎች እጅ እንዳልነበረ እሳቸው ያውቃሉ። እኔ ግን ማስረጃውን ሳይሆን ንድፈ ሐሳቤን ነበር የማየው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንግባ። አንድ ፋብሪካ በአንዲት መኪና ላይ ሁለት የተለያዩ በሮች እንዴት ይገጥማል?

ቀደምት የሆነውን ሐሳብ አስቀድሜ ላስታውስ። የፋብሪካ ዕቃ እርስ በርሱ ሊተካካ ይችላል የሚለው እምነት በአሥራ ስምንተኛው ምዕት ዓመት ከጠመንጃ ሥራ የመጣ ነው። ቶማስ ጀፈርሰን በፈረንሳይ የአሜሪካ መልእክተኛ በነበረበት በ1785 እ.ኤ.አ. ኦኖሬ ብላን የተባለው ጠመንጃ ሠሪ የተፈታቱ የጠመንጃ ቃታ ክፍሎችን አቀረበለት፤ እሱም እንዳገኘ እያነሣ ሲገጥማቸው ሁሉም ተስማሙ። ወደ መኪና ስንመጣ ዝነኛው ፈተና የ1908 እ.ኤ.አ. ነው። በእንግሊዝ አገር ብሩክላንድስ በተባለው የመኪና መወዳደሪያ ሦስት ካዲላኮች ሙሉ በሙሉ ተፈታተው ክፍሎቻቸው ተደባለቁ፤ ከመካከላቸውም 89 ክፍሎች ወጥተው በመለዋወጫ መጋዘን ዕቃ ተተኩ። ከዚያም በተራ የእጅ መሣሪያ ተገጣጥመው 500 ማይል ሮጡ። ካዲላክም በዚህ ዲውዋር የተባለውን ዋንጫ ተሸለመ።

ብዙ ሰው ከዚህ ታሪክ የሚወስደው «የፋብሪካ ክፍሎች አንድ ዓይነት ናቸው» የሚል ነው። ታሪኩ ግን እንዲህ አይልም። የሚለው «ክፍሎቹ ሳይሞረዱ ይገጥማሉ» ነው። አንድ ዓይነት መሆንና መግጠም የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት ቶለራንስ ይባላል፤ የሚፈቀድ ልዩነት እንበለው። በዓለም ላይ ሁለት አንድ ዓይነት ብሎኖች የሉም፤ ያሉት በተፈቀደላቸው ልዩነት ውስጥ የወደቁ ብሎኖች ናቸው። መሐንዲስ ሥዕሉ ላይ ልኬቱን ሲጽፍ ፋብሪካው ምን ያህል እንዲሳሳት እንደተፈቀደለትም አብሮ ይጽፋል።

ተማሪዎቼ የሚያውቁትን ስሌት ለሌሎቻችሁ ላሳይ። አሥር ክፍሎች ተደርድረው ይገጣጠማሉ እንበል፤ የእያንዳንዳቸው የሚፈቀድ ልዩነት 0.2 ሚሊሜትር ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ነው። ሁሉም ወደ አንድ ወገን ቢሳሳቱ ድምሩ 2 ሚሊሜትር ይሆናል። ስሕተታቸው እርስ በርሱ የማይገናኝ ከሆነና በስታቲስቲክስ ሕግ ከደመርነው ግን ከ0.63 ሚሊሜትር ብዙ አይርቅም። ፋብሪካ የሚኖረው በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል ነው። አብዛኞቹ መኪኖች ትንሹ ስሕተት ውስጥ ይወድቃሉ፤ አልፎ አልፎ አንዷ ወደ ትልቁ ትጠጋለች። ያቺን አንዷን ለመግጠም መስመሩ ላይ የቆመው ሠራተኛ ገበሩን በመዳፉ ይመታዋል፣ ጎማውን ይጎትተዋል፣ ክሊፑን ያጣምመዋል። የቀዳዳው መርዘም ይህን ምት ለማስቀረት የተሰጠ መልስ ነው፤ ክሊፑ ወዲህና ወዲያ የሚንሸራተትበት ቦታ አገኘ። እኔ የመሐንዲሱን መልስ እንደ ጎራዳ ሠራተኛ ብልሽት አነበብኩት።

ይህ የማሻሻያውን ምክንያት ይገልጻል፤ አሮጌውና አዲሱ በአንዲት መኪና ላይ መገናኘታቸውን ግን ገና አይገልጽም። ለዚህ መልሱ ያለው በመጋዘን ሒሳብ ውስጥ ነው። ፋብሪካ አዲስ ንድፍ ሲያወጣ አሮጌውን ዕቃ አይጥለውም፤ እስኪያልቅ ይጠቀምበታል። የግራና የቀኝ ገበሮች ደግሞ በተለያየ ሳጥን የሚቀመጡ የተለያዩ ዕቃዎች ናቸው። ለምሳሌ ያህል ብቻ፣ ለውጡ በታወጀበት ቀን 400 አሮጌ የግራ ገበሮችና 250 አሮጌ የቀኝ ገበሮች ቀርተዋል እንበል። የመጀመሪያዎቹ 250 መኪኖች ሁለቱንም አሮጌ ይለብሳሉ። ከዚያ የሚከተሉት 150 መኪኖች ግራቸው አሮጌ፣ ቀኛቸው አዲስ ሆኖ ይወጣሉ። ማንም አልተሳሳተም፤ ማንም አላጭበረበረም። ከ150ዎቹ አንዷ በመርከብ ተጭና ወደ እኛ ብትመጣና ከግማሽ ምዕት ዓመት በኋላ አንድ ዶክተር በአጉሊ መነጽር ቢያያት ግን «የተነካካች» ትባላለች።

የእኛዋ መኪና በእንዲህ ያለ የሽግግር ወቅት መሠራቷን የሻንሲ ቁጥሯ ይመሰክራል። ቮልስዋገን ከ1955 እ.ኤ.አ. ወዲህ የሞዴል ዓመቱን የሚጀምረው በጥር ሳይሆን ከፋብሪካው የበጋ ዕረፍት በኋላ በነሐሴ ነው። ከ1965 ሞዴል ጀምሮ የሻንሲ ቁጥሩ ሦስተኛ አሃዝ የሞዴሉ ዓመት መጨረሻ ነው፤ ስለዚህ 118 ማለት የ1968 ሞዴል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ያሉት አሃዞች በእኛዋ ላይ ዝቅተኛ ስለሆኑ ከመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አንዷ ናት። የ1968 ሞዴል ደግሞ በቮልስ ታሪክ ብዙ ነገር በአንድ ጊዜ የተለወጠበት ነው። የፊት መብራቶቹ ቀጥ ብለው ቆሙ፣ ባምፐሮቹ ከፍ አሉ፣ ኤሌክትሪኩ ከ6 ወደ 12 ቮልት አደገ፣ የነዳጅ መሙያው ከኮፈኑ ሥር ወጥቶ በውጭ በኩል ሆነ፣ የነዳጅ መለኪያው ወደ ፍጥነት መቁጠሪያው ውስጥ ገባ፣ የመሪው ዘንግ በግጭት ጊዜ እንዲታጠፍ ተደረገ። እንዲህ ባለ ነሐሴ ውስጥ መጋዘኑ በአሮጌና በአዲስ ዕቃ የተጨናነቀ መሆኑ አያስገርምም።

እዚህ ላይ የእኛ የዘመን አቆጣጠር የራሱን ጨው ይጨምርበታል። ነሐሴ 1 ቀን 1967 እ.ኤ.አ. በእኛ ሐምሌ 25 ቀን 1959 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ መኪናዋ ስትሠራ በጀርመን 1967፣ በፋብሪካው ሞዴል 1968፣ በእኛ 1959 ነበር፤ አገር ውስጥ ገብታ ስትመዘገብ ደግሞ 1960 ዓ.ም. ሆኗል። አንዲት መኪና አራት ዓመት አላት፤ አራቱም እውነት ናቸው። ሊብሬዋ ላይ ያለው 1960 ነው። ይህን ሳላብራራ በውጭ አገር ለሚኖር ዘመድ «የ1960 ቮልስ የመስታወት ማውረጃ እጀታ ላክልኝ» ብዬ ጻፍኩ። በእነሱ 1960 የተሠራ ቮልስ እጀታ መጣልኝ። የዚያ ዘመን ቮልስ የነዳጅ መለኪያ እንኳ አልነበራትም፤ ነዳጅ ሲያልቅ በእግር የምትገለበጥ የመጠባበቂያ ቧንቧ ነበረቻት። እጀታው አሁን የቢሮዬ ወረቀት መጫኛ ነው።

ስለ ጨርቅና ስለ ቆዳ የተናገርኩት በቂ አልመሰለኝም። ብረት በፈተና ይረጋጋል፤ ለስላሳ ነገር ግን በተፈጥሮው አመጸኛ ነው። ቀለም የተነከረ ጨርቅ ከአንድ ገንዳ ወደ ሌላው ጥላው ይለያል። ሰው ሠራሽ ቆዳ ከአንድ በላይ አቅራቢ ካለው የእያንዳንዱ ማተሚያ ሲሊንደር የራሱን ሽብሽብ ይተዋል። የቮልስ ወንበር ሙሊት በጎማ የተያያዘ የኮኮናት ቃጫና የእንስሳት ፀጉር ነው፤ የአሮጌ ቮልስ በር ሲከፈት የሚቀበላችሁ ያ ልዩ ሽታ ከእሱ ነው። እንዲህ ያለ ሙሊት ከሞላው ላይ ሲያርፍ ሁለት ወንበር አንድ ዓይነት አይሰጥም። ስለዚህ በውስጥ ገበር ላይ «ግራና ቀኙ ልክ አንድ ነው ወይ?» ብሎ መመርመር ገና ከመነሻው ሚዛኑ የተሳሳተ ምርመራ ነው። እንዲያውም የሚያጠራጥረኝ ግራና ቀኙ ከመጠን በላይ የተመሳሰለ መኪና ሆኗል፤ እንዲህ ያለው ብዙ ጊዜ በአንድ ቀን፣ በአንድ እጅ፣ ከአንድ ጥቅል የተለበሰ ነው።

ሶማሌ ተራ የሄደ ሰው ሁለት ቃል ይሰማል፤ «ኦሪጅናል» እና «ኮፒ»። ገበያ ሁለት ቃል ይበቃዋል፤ ዋጋ መቁረጥ አለበትና። ጥናት ግን በሁለት ቃል አይሠራም። የከተማችንን አሮጌ ታክሲ ላዳን ውሰዱ። ላዳ የመጣችው ከፊያት 124 ነው፤ በቶሊያቲ ከተማ ከ1970 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስትሠራ ለአገሩ መንገድና ብርድ እንድትስማማ በብዙ መቶ ነጥብ ተለወጠች። ፊያቷ በኋላ እግሯ የዲስክ ፍሬን ነበራት፤ ላዳዋ ከበሮ ፍሬን ተሰጣት። ለዓይን እኅትማማቾች ናቸው። ታዲያ የላዳ በር የፊያት ኮፒ ነው? በፈቃድ፣ በፋብሪካ፣ በራሱ ሥዕል የተሠራ ነው። ወይስ ኦሪጅናል ነው? የማን? ጋሼ ይህን ጥያቄ ሳነሣባቸው ሣቁብኝና ጀርመን ሠራሽ መኪና ውስጥ ተቀምጠው ጋቢና፣ ኮፈን፣ ፍሬን፣ ሞላ እያሉ ሥራቸውን ቀጠሉ፤ ሁሉም የጣሊያን ቃል ነው። ኦሪጅናል ምን እንደሆነ ቋንቋችንም የወሰነ አይመስልም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የአሠራር ጥያቄ ይነሣል። ሁለት የማይመሳሰሉ ክፍሎች ስናገኝ የፋብሪካውን ልዩነት ከአገር ቤት ጥገና እንዴት እንለያለን? እኔ አሁን የምከተለው መንገድ ከምሕንድስና ይልቅ ወደ ብራና ጥናት ይቀርባል። ከአፍንጮ በር ጥቂት ከፍ ብሎ ስድስት ኪሎ በገነተ ልዑል ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ብዙ ብራናዎች ይዟል። በአንድ ብራና መካከል የጸሐፊው እጅ ቢለወጥ ባለሙያው ቅጠሉን ነቅሎ አይጥልም፤ እጁ የት ተለወጠ፣ ጥራዙ እንዴት ተሰፋ፣ ቀዳዳው ስንት ጊዜ ተወጋ ብሎ ይጠይቃል። ለመኪናም ልክ እንዲሁ ነው። የወንበር ልብስ ፍሬም ላይ የሚታሰርበትን ቦታ ተመልከቱ፤ አንድ ረድፍ ቀዳዳ ብቻ ካለ ልብሱ አንድ ጊዜ ብቻ ታስሯል። ሁለት ረድፍ ካለ አንድ ሰው ፈትቶታል። ገበሩ ሲነሣ በሥሩ ያለው አቧራ ከበሩ ብረት አቧራ ጋር ቀለሙ ይስማማል ወይ? ፀሐይ ያልነካው ከእጀታው ሥር ያለው ክብ ቦታ ከእጀታው መጠን ጋር ይገጥማል ወይ? ዝገት ከብረቱ ወደ ካርቶኑ ሲያልፍ የተወው ቡናማ ክብ ከብረቱ ዝገት ፊት ለፊት ነው ወይስ ተዛንፏል? የቀኙን ገበር ከመቁረጤ በፊት ይህን የመጨረሻውን ብቻ ብጠይቅ ኖሮ ይበቃኝ ነበር። የዝገቱ ክቦች አሥራ አንድ ሲሆኑ አሥራ አንዱም በየብረቱ ነቁጥ ላይ ያርፋሉ፤ ያ ገበር ከዚያ በር ተለይቶ አያውቅም ነበር።

በአንጻሩ የሹፌሩን ወንበር ስንፈታ ሁለት ረድፍ ቀዳዳ አገኘን። ሙሊቱ በቀኝ በኩል የኮኮናት ቃጫ፣ ሹፌሩ በሚወርድበትና በሚወጣበት ጠርዝ ግን ጥጥ ነበር፤ በጥጡ ላይ የስኳር ጆንያ ተሰፍቶበታል። ስፌቱ በእጅ ነው፤ እጅግ የተስተካከለ ነው። ይህ ያለ ጥርጥር የአዲስ አበባ ሥራ ነው። መጀመሪያ እንደ ጀመርኩት ቢሆን ይኸኛውን ወዲያው አስወጥቼ አስጥለው ነበር። አሁን ግን ጥያቄው ተለወጠብኝ። የፋብሪካው ልዩነት የጥቂት ሳምንታት የመጋዘን ሒሳብ ውጤት ነው፤ ይህ ጆንያ ግን መለዋወጫ ባልተገኘበት ጊዜ አንድ ሰው መኪናዋን በመንገድ ላይ ያቆየበት ዘዴ ነው። ከሁለቱ የትኛው የበለጠ መጠበቅ ይገባዋል ብትሉኝ ለቀኙ ገበር ከተጸጸትኩት ያላነሰ ለጆንያው እሟገታለሁ። ጋሼ በዚህ አይስማሙም፤ «የተበላሸ ወንበር ታሪክ የለውም፤ ይሠራ» ባይ ናቸው። አልተፈታንም። ለጊዜው አዲስ ሙሊት ከላይ ተደርቦ ጥጡና ጆንያው ከሥር እንዳለ ነው።

ጉዳዩ አሁን አንገብጋቢ የሆነበት ምክንያትም አለ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። ስለ ፖሊሲው ሌላ ቀን፣ ሌላ ሰው ይናገር። ለእኛ ጥናት ግን ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ በከተማችን የቀሩት ቮልሶች፣ ፊያቶችና ፔጆዎች ከእንግዲህ ቁጥራቸው የሚቀንስ እንጂ የሚጨምር አይሆንም። የሚያድሷቸው ወጣቶች እየበዙ መሆናቸው ደስ ያሰኘኛል፤ ነገር ግን አብዛኞቹ የሚጀምሩት እኔ ከጀመርኩበት ቦታ ነው። ምስል ይፈልጋሉ፣ «ትክክለኛውን» ያገኛሉ፣ የማይመሳሰለውን ያወጣሉ። አንዲት መኪና በዚህ መንገድ ስትታደስ የጠፋውን ማንም አያየውም፤ አዲሱ ገበር ያምራልና።

ስለ ቀኙ ገበር ልጨርስ። ጋሼ የተቆረጠውን ሌላውን ግማሽ አልጣሉትም ነበር፤ ሱቃቸው ሲዛወር ከዕቃቸው ጋር በፌስታል ጠቅልለው ይዘውት ሄደዋል። «ዶክተር ይጠይቁኛል ብዬ ነው» አሉ። ሁለቱን ግማሾች ከጀርባው በቀጭን ሸራ አጋጥመናቸዋል፤ የፊቱ ስንጥቅ ሆን ተብሎ እንዲታይ ተትቷል፤ የደበዘዘው ቁጥርም በመገናኛው ላይ እንደገና ይነበባል። ገበሩ በሚቀጥለው ሳምንት ወደ በሩ ይመለሳል፤ ከግራው ጋር አይመሳሰልም። ከመመለሱ በፊት መለካት የምትፈልጉ ተማሪዎች ካሊፐር ይዛችሁ ኑ፤ የአሥራ አንዱ የዝገት ክቦች ርቀት ገና በሥዕል አልተመዘገበም። የጣራውን ጨርቅም አብረን እናያለን። በፀሐይ መከላከያዎቹ ሥር የተደበቀው ቀለሙ ከቀረው ጋር አይስማማም፤ እስካሁን ማንም እንዲነካው አልፈቀድኩም።